ስድስት ሲቀነስ

ጥቅምት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዛሬ መኪኖቼ ሰላይ ገባባቸው። ከሐዋሳ የመጣው ባለሙያ ሁለቱንም አይሱዙ ጓሮዬ አቁሞ ከመሪው ሥር ሽቦ ሲጎለጉል ዋለ። የገጠማት ነገር የክብሪት ቤት ብታክል ነው። "ጂፒኤስ ናት ጋሼ። መኪናው የት እንደቆመ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ሁሉን ትመዘግባለች" አለኝ። ወድጄ አላስገጠምኩም። የአሪቻው ቡና ማጠቢያ ባለቤት አቶ ገብረኪዳን ዘንድሮ ጂፒኤስ የሌለው መኪና ቡናዬን አይጭንም ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። የእሱን ቡና ካልጫንኩ ምን ልጭን ነው? ድንጋይ?

ውሉ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሯል። መኪኖቹ ከማጠቢያው፣ ከዲላው መጋዘንና ከእኔ ጓሮ ውጭ የቆሙበትን ቦታ ዝርዝር በየሳምንቱ አስረክባለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተሜን መትቼ።

ሾፌሮቼን ጠርቼ ነገርኳቸው። ባርናባስ፣ የትንሹ መኪና ሾፌር፣ አፉ መቼ ያርፋል! "ጋሼ ደበበ፣ ሽንቴን ስሸናም ይቆጥራል?" አለኝ። "ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ" አልኩት። ሳቅን። ከፈለኝ አልሳቀም። ከፈለኝ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው። ወገቤ ዲስኩ ተንሸራቶ መሪ ከለቀቅኩ ወዲህ ትልቁን መኪና የያዘው እሱ ነው። ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ።

ባለቤቴ ይመኙሻልም ነገሩ አልጣማትም። "የሰው መግቢያ መውጫ ምን ያደርግልሃል?" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ዝርዝር ወጣ። አውርዳ ያተመችልኝ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ኮምፒውተር ቤት ያላት ኤልቤቴል ናት። ተመርቃ ሥራ ስታጣ የከፈተችው ሱቅ ነው። ቀልጣፋ ልጅ ናት። "ሰዓቱ በፈረንጅ ነው ጋሼ፣ ስድስት ይቀንሱ" አለችኝ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ሞያሌ ስመላለስ አንቺ አልተወለድሽም" አልኳት። ስድስት መቀነስ ማንን ያቅተዋል? እስክሪብቶዬን አውጥቼ ከጎን ከጎኑ በእኛ ሰዓት ጻፍኩ።

ባርናባስ ይርጋጨፌ ላይ አሥራ ስምንት ደቂቃ። ጫት ነው፣ አውቀዋለሁ።

ከፈለኝ ማክሰኞ ወናጎ ላይ አርባ ደቂቃ። ወረቀቱ 12:10 ይላል። ስድስት ሲቀነስ ቀን ስድስት ሰዓት ከአሥር። ምሳ በልቶ ይሆናል።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ይሄ ነገር ሱስ ነው። በሳምንት አንዴ የተባለውን በየሁለት ቀኑ ማሳተም ጀምሬአለሁ። ኤልቤቴል ራሷ "ዛሬም ጋሼ?" ትለኛለች። ባርናባስ ሐሙስ ጨለለቅቱ የት እንዳደረ አውቃለሁ። የማን ቤት እንደሆነም ገምቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ሲመጣ "ጨለለቅቱ ሌሊቱ ይበርዳል አሉ" አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ደስ አለኝ። ኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን አፈርኩ። የሚስቱንም የልጆቹንም ስም አውቃለሁ፣ እኔ ምን አገባኝ?

ገብረኪዳን ደግሞ እኔኑ ያዘኝ። ሆቴል በረንዳ ላይ ከነጋዴዎች ጋር ተቀምጦ "ደቤ፣ እሑድ የማን ለቅሶ ነበር? መኪናህ ሚካኤል ጓሮ ሁለት ሰዓት ቆማለች" አለኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለካ ያው ዝርዝር ለእሱም ይደርሰዋል። ከእኔ የሚፈልገው ፊርማውን ነው።

ከፈለኝ ማክሰኞ ወናጎ አርባ ሁለት ደቂቃ። ዓርብም ወናጎ፣ ሠላሳ ስምንት። ያው በምሳ ሰዓት። ቡና ጭኖ ምሳ? ዲላ እኮ አፍንጫው ሥር ነው፣ እዚህ ደርሶ አይበላም? አልጠየቅኩትም። የወናጎን ስም በአፌ ማንሳት አልወድም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን የወናጎን ስም ማንሳት እንደማልወድ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አንድ ሴት ልጅ ነበረችኝ። የዛሬ አራት ዓመት ሳዳም የሚባል ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ተከትላ ከቤቴ ወጣች። ሃይማኖቷን ትታ፣ እናቷን ትታ፣ እኔን ትታ። የዚያን ዕለት ይመኙሻልና ከፈለኝ ቆመው እያዩ "ከእኔ ሰው የእሷን ደጃፍ የረገጠ እግሩን እሰብረዋለሁ" ብዬ ማልኩ። ወንጌል ይዤ ነው የማልኩት። ከዚያ ወዲህ ስሟ በዚህ ቤት አይጠራም። እዚህም አልጽፈውም።

ወናጎ ትኖራለች ይባላል። ወናጎ ደግሞ ከተማ ነው፣ ስንት ሰው ይኖርበታል።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የቡናው ሥራ ጦፈ። አሪቻ ሁለቴ በቀን። የትንሹ መኪና ፍሬን ሸራ አለቀ። ባርናባስ ኩርፊያ ላይ ነው፣ "እንደ እስረኛ ነው የምንነዳው" ሲል ሰማሁት። ከፈለኝ ያው ማክሰኞ፣ ያው ዓርብ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የገና ጾም ገባ። ይመኙሻል ከገበያ አንድ ኪሎ የለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ጾም በገባበት ቀን! "ለማን ነው?" አልኳት። "ለጸጉሬ" አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ጸጉሯን ቅቤ ስትቀባ አይቻት አላውቅም። ከሥር ደግሞ ተልባ፣ የገንፎ ዱቄት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሸፈነችው።

ማታ ከፈለኝ በጓዳ በር መጥቶ ሲንሾካሸኩ ሰማሁ። ስገባ ዝም አሉ። "ስለ ዘይት ቅያሪ ነው" አለኝ። ዘይት ቅያሪ ከይመኙሻል ጋር!

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ ጆንያ ጎደለ። ከፈለኝ የጫነው ላይ። አሪቻ ሲጫን መቶ ሃያ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ዲላ ሲራገፍ መቶ አሥራ አንድ። ገብረኪዳን በስልክ ጮኸብኝ። ከፈለኝ "እንደጫኑልኝ ነው ያመጣሁት" ይላል። ወደ ኤልቤቴል ልሩጥ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ ሌሊት

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ከአሪቻ የወጣበት ሰነድ ረፋድ አምስት ሰዓት ይላል። ዝርዝሩ ደግሞ ወናጎ፣ 12:10፣ አርባ አራት ደቂቃ። ስድስት ሲቀነስ ስድስት ሰዓት ከአሥር። ጭኖ ወጣ፣ ወናጎ ቆመ፣ ዘጠኝ ጆንያ አወረደ። ሕፃን ልጅ ይደምረዋል።

ከሥራ ሲገባ ሳሎን አስቀመጥኩት። ይመኙሻል ጓዳ ነበረች።

"ወናጎ ቆመሃል?" አልኩት።

"ጭኜ አልቆምኩም ጋሼ።"

"ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ አርባ አራት ደቂቃ ቆሟል ይላል።"

"ስድስት ሰዓት ላይማ ሳልቆም ነው ያለፍኩት።"

"ታዲያ መቼ ቆምክ?"

መሬት መሬት አየ። "ጠዋት ነው። ባዶ ሆኜ ስወጣ። አንድ ሰዓት ላይ።"

"በጠዋት ወናጎ ምን ትሠራለህ?"

ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። ይመኙሻል ብቅ አላለችም።

"ማሽኑ ነው የሚዋሸው?" አልኩት።

"ማሽኑን አላውቀውም ጋሼ። እኔን ግን ያውቁኛል" አለኝ።

አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት አንድ ብሎን አልጎደለብኝም። ወገቤ ሲሰበር ከሞያሌ ጋቢና ውስጥ አስተኝቶ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ አራስ እየቀነሰ ያመጣኝ እሱ ነው። ታዲያ ለምን ዝም ይላል? ንጹሕ ሰው ዝም ይላል? ያናደደኝ ዝምታው ነው። ወናጎ መሆኑ አይደለም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ፈረምኩ። ማኅተሜንም መታሁ። ገብረኪዳን "ሰውህን ከሸሸግክ አንተም አብረኸው ነህ ማለት ነው" አለኝ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች ጓሮ መጡ። ከፈለኝ ጎማ እያየ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቁልፉን ሰጠኝና "የግራው የኋላ ጎማ አየር ይቀንሳል፣ ለባርናባስ ይንገሩት" አለኝ። ይመኙሻል በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

"ከፈለኝ ሌባ አይደለም" ትለኛለች ይመኙሻል።

"በምን አወቅሽ?"

"አውቃለሁ።"

ከዚህ በላይ አይወጣትም። አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ዓይኗ አብጧል። ትናንት በማለዳ ዘንቢል ይዛ ወጣች፣ "ማኅበር አለብኝ" ብላ። እኩለ ቀን ስትመለስ ጫማዋ በቀይ አፈር ተለውሷል። በየትኛው አገር ነው ማኅበር ማክሰኞ ጠዋት የሚጠጣው? አልጠየቅኳትም። መልሷን መስማት የፈለግኩ አይመስለኝም።

ስፔር ፓርት ሱቅ ውስጥ ፊልትሮ ልገዛ ገብቼ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አንዱ ለሌላው "ደበበ የገዛ ሰውን አሳሰረ እኮ" ሲል ሰማሁ። ሳልገዛ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

እግዚኦ!

ኤልቤቴል ዛሬ ዝርዝሩን አትማ ወረቀቱን አልለቅ አለችኝ። "ጋሼ ደበበ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ሐሙስ ባርናባስ መኪናውን ሱቄ በር ላይ አቁሞ ሲያወራኝ ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ነው፣ ሱቄን ገና መክፈቴ። እዚህ ግን 15:00 ይላል። ስድስት ሲቀነስ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይማ መብራት ጠፍቶ ዘግቼ ሄጃለሁ።"

"ታዲያ?" አልኳት።

የማሽኑን ማስተካከያ ከፍታ አሳየችኝ። ሰዓቱ እኛ ፈረንጅ የምንለው አይደለም። ከፋብሪካው እንደመጣ በቻይና ሰዓት ቀርቷል። የገጠመው ልጅ አልነካውም፣ እሷም አላየችውም፣ እኔ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስድስቴን እየቀነስኩ ፈርሜአለሁ። "ቻይና በአምስት ሰዓት ይቀድመናል፣ ስድስት አልነበረም ጋሼ። አሥራ አንድ ነበር የሚቀነሰው" አለችኝ።

12:10 ላይ አሥራ አንድ ሲቀነስ። ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር።

ጠዋት። ባዶ ሆኜ ስወጣ። አንድ ሰዓት ላይ። ነግሮኝ ነበር እኮ! ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነግሮኝ ነበር።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አልኳት።

"እንዴ ጋሼ! ሰውየው ታስሯል እኮ!"

"እኔው ራሴ ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ። የኔ ጉዳይ ነው፣ እኔው ልጨርሰው።"

አየችኝ። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበር መጻፍ አልችልም።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

አልሄድኩም። ወገቤ አሞኝ ተኝቼ ዋልኩ። እውነት አሞኛል።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ጣቢያው በር ድረስ ሄድኩ። የከፈለኝ ሚስት ምሳ ዕቃ ይዛ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ሳታየኝ ተመለስኩ።

ነገሩን ላስብበት። ዛሬ ገብቼ ተሳስቼ ነው ብል ገብረኪዳን ውሉን ይቀድዳል፣ ጆንያዎቹም በእኔ ላይ ይመጣሉ፣ መኪኖቹ ደግሞ የባንክ ናቸው። ቡናው በጥር ያልቃል። እስከዚያ ቢቆይ ምን ይሆናል? እዚያም ምግብ ይገባለታል፣ ማንም አልነካውም አሉ። ሲወጣ እክሰዋለሁ። ትልቁን መኪና በግማሽ አጋራዋለሁ። እንዲያውም ከዚህ ቀደምም አስቤው ነበር።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ነገ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ይመኙሻል ዛሬም በማለዳ ወጣች። እኔም ዛሬ አልሄድኩም። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ነገ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ባርናባስ ከአሪቻ ወሬ ይዞ መጣ። ጭነት የሚመዘግበው ታረቀኝ ተባሯል። በሌላ ሰው መኪናም ሰባት ጆንያ ጎድሎ ተገኘ። መቶ ሃያ ብሎ እየጻፈ ያነሰ ይጭን ነበር አሉ። የጎደለው መንገድ ላይ አይደለም ማለት ነው፣ ከመነሻውም አልተጫነም።

ወደ ገብረኪዳን በረርኩ። "ታዲያ ከፈለኝስ?" አልኩት።

"ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ያንተ ሰው ቆሞ ተገኝቷል፣ አንተው ፈርመህበት የለ?" አለኝ። ሻዩን ማማሰሉን ሳይተው ነው ያለኝ። ያኔ እዚያው "ተሳስቼ ነው" ልለው ይገባ ነበር። ተሰናብቼው ወጣሁ። ፈሪ! ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ደፋር ነኝ እያልኩ የኖርኩ ፈሪ!

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። አዲሱን ወረቀት ኤልቤቴል አተመችልኝ፣ አሥራ አንድ የተቀነሰበትን። ፈርሜ ማኅተም መትቼ ለመርማሪው ሰጠሁ። አንብቦ ጎን አስቀመጠው። "ዘገዩ" አለኝ። "ትናንት አምኗል። ወስጃለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።"

"ያልወሰደውን?"

"የቆመበትን ቤት ልንፈትሽ ነው ስንለው ነው ያመነው።"

ለመንኩት። አሥር ደቂቃ ፈቀደልኝ። ከፈለኝ ከስቷል፣ ጢሙ ሽበት አውጥቷል። ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ለእኔ ተነሣ!

"ምን ነክቶህ ነው ያላደረግከውን አደረግኩ የምትለው?" አልኩት።

"አራስ ቤት ፖሊስ ገብቶ አልጋ ሲገለብጥ ልይ ጋሼ?"

"የማን አራስ?"

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። አውቄ የምጠይቅ መስሎት ይሆናል። አውቅ ነበር? እኔ እንጃ።

"ፀዳለ ወልዳለች" አለኝ። "ከእርግዝናዋ ጀምሮ ሲያማት ነበር። እትዬ ይመኙሻል የምትልክላትን ማክሰኞና ዓርብ አደርስ ነበር። የዚያን ቀንም ቅቤውን ነው ያደረስኩት።"

"ይህን ያኔ ብትለኝስ!"

"ወንጌል ይዘው ሲምሉ አጠገብዎ ነበርኩ። ሳዳም ሥራ ላይ ነው የሚውለው፣ ብቻዋን ናት። ሄደው አንድ ነገር ቢያደርጓትስ? እኔ ጋሼ፣ ከእስር ይልቅ እርስዎን ፈራሁ።"

እንደዚያ ብሎ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ

ለይመኙሻል ነገርኳት። አላለቀሰችም። "እኔ ነኝ የላክሁት። ጣቢያ ሄጄ ልናገር ስል ከአራስ ቤት እስክትወጣ ብሎ ያስማለኝ እሱ ነው። ስንት ሌሊት ጎንህ ተኝቼ ልንገርህ ብዬ ምላሴ ታስሯል" አለችኝ። ከዚያ "ሰዓቱ መሳሳቱን መቼ ነው ያወቅከው?" አለችኝ።

"ዛሬ" አልኳት።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ፍርድ ቤት። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን። ዳኛው መነጽራቸውን አንሥተው "ሁለቱም ላይ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አለ። የትኛውን እንመን?" አሉኝ። ኋለኛውን አልኩ። ስለ ስድስቱም ስለ አሥራ አንዱም አስረዳሁ። ኤልቤቴልም መሰከረች። ደህና አድርጋ ነው ያስረዳችው።

ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። "ስህተቱን ያወቁት መቼ ነው?"

ምያለሁ። ኤልቤቴል ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። "ታኅሣሥ አራት" አልኩ።

"ለፖሊስ ያሳወቁትስ?"

"ታኅሣሥ ሃያ አንድ።"

"እውነት ከሆነ አሥራ ሰባት ቀን ምን ይጠብቁ ነበር?"

እኔው ዝም ስል ወረቀቱ ውሸት መሰለ። ከኋላዬ አግዳሚው ተንቋቋ። ስዞር ይመኙሻል ነጠላዋን እያስተካከለች ስትወጣ አየሁ። ከፈለኝ ቃሉ ሲጠየቅ "እንደሰጠሁት ነው" አለ። ዓይኑን ወደ እኔ አላነሣም። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ፈረዱበት።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ባርናባስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ገብረኪዳን ጠበቃ ላክልኝ ብዬ ብለምነው ስልኩን ዘጋው፣ ውሉን ግን አልቀደደም። ለይግባኝ ጠበቃ ያዝኩ፣ በአዲሱ ወረቀትና በታረቀኝ ጉዳይ እንሞክራለን ብሏል። ተስፋ አልሰጠኝም። ለከፈለኝ ስንቅ ይዤ ሄድኩ፣ ሚስቱ ከእጄ አልቀበልም አለችኝ። አይፈረድባትም።

ይመኙሻል የፀዳለ የድሮ አልጋ ላይ ነው የምታድረው። አንድ ቤት ውስጥ ነን፣ ቃል አንለዋወጥም። ማክሰኞና ዓርብ አሁን በግልጽ ትሄዳለች፣ በሚኒባስ። ስትመለስ ልጠይቃት እያልኩ ስንቴ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ይመኙሻል ሳትነሣ ትልቁን መኪና አስነሥቼ ወጣሁ። ወገቤ በየጉድጓዱ ይቆራርጠኛል። ከወናጎ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ዝርዝሩ የሚለው ቦታ ላይ ቆምኩ። መጠየቅ አላስፈለገኝም። ደጁ ላይ የተፈታታ ሞተር ሳይክል አለ፣ ከጀርባው እንሰት፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው።

የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ሮጥ ብላ ወጣች። ሕፃን ታቅፋለች። ከፈለኝ የተፈታ መስሏት ይሆናል፣ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔን ስታይ ባለችበት ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ስባ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው። ከሰው ዓይን እንደሚሸፈነው።

ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ መጣች። አራት ዓመት። እናቷን መስላለች።

"አባዬ፣ የከፈለኝ ይግባኝ ምን ደረሰ?" አለችኝ።

"ገና ነው።"

"አንተ ነህ ያሳሰርከው?"

ከቤት ስነሣ ብዙ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቻይናው፣ ስለ ገብረኪዳን። "እኔ ነኝ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆመች፣ የምጨምረው ካለ የምትጠብቅ ይመስለኛል። ሕፃኑ በነጠላው ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት። ሳልናገር ስቀር ዞር ብላ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። በኃይል አይደለም የዘጋችው።

ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። በሩ አልተከፈተም። አሪቻ ጭነት ይጠብቀኛል፣ ሞተሩን አስነሥቼ ሄድኩ። የወለደችው ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅኳትም።